አርባ ለአንድ

ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰፊያ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ያመዎት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እሱስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ደህና ናት።

ልጅዎ ኢስሀቅ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የላከልኝ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። የተማሪዎች አውቶቡስ ነው የምነዳው። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ ለመጻፍ የሚሆን ጊዜ ሞልቷል።

አዎ፣ ኢስሀቅ ፌስቡክ ላይ ያሳየዎት ሰው እኔ ነኝ። ያው የጥድ አፋፍ ወረዳ ምክር ቤት ጸሐፊ የነበርኩት ጸጋአብ። «እዚያም ምክር ቤት ገባህ እንዴ?» ማለትዎ አሳቀኝ። አልገባሁም። ከምንኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው መንገድ መኪናው አያሻግርም፤ ተከራዮቹ ተሰባስበን የእግረኛ መብራት ይተከልልን ብለን አመለከትን። «አንተ ስብሰባ ታውቃለህ» ብለው እንድናገር እኔን ላኩኝ። ፎቶው የዚያን ዕለት የተነሳ ነው።

አሠራሩን ስለጠየቁኝ ልንገርዎት። ከተማው በሃያ አምስት የምርጫ ክልል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ለምክር ቤት ይልካል። ከንቲባውን ግን እኛ አስተዳዳሪ እንደምንመርጠው ተመራጮቹ አይመርጡትም፤ ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ነው የሚመርጠው። ምክር ቤት ሲቀመጥ ከንቲባውም እንደማንኛውም አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው። አፈ ጉባኤ አለ። ቋሚ ኮሚቴዎችም አሉ፤ ትልቅ ጉዳይ መጀመሪያ ኮሚቴ ገብቶ ተበጥሮ ነው ወደ ጉባኤው የሚወጣው። እንደ መብራትና እንደ አጥር ያለው የሰፈር ጉዳይ ደግሞ አራት የአካባቢ ምክር ቤቶች አሉለት። የእኛ የሚሰበሰበው ኖርዝ ዮርክ ነው። በጣም የሚገርምዎት፣ ማንም ነዋሪ አስቀድሞ ስሙን ካስመዘገበ ተመራጮቹ ፊት ቁጭ ብሎ አምስት ደቂቃ ይናገራል። ሰዓቱ ስክሪን ላይ ይቆጥራል። እኔ ሦስት ደቂቃ ተናግሬ ላብ በላብ ሆንኩ። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ

ድምፅ አሰጣጡን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን አልዘነጋሁትም። በስልክ ባወራዎት ይሻላል ብዬ ለኢስሀቅ ነግሬዋለሁ።

አክባሪዎ
ጸጋአብ


ጥድ አፋፍ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጸጋአብ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ስሟን አልጻፍክልኝም። ጉልበቴ እንዳለ ነው።

ስለ ቶሮንቶ ምክር ቤት የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ከሁሉ የገረመኝ አምስቱ ደቂቃ ነው። እኔ አሥር ዓመት ተመራጭ ሆኜ ጉባኤ ላይ የተናገርኩት ተደምሮ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ድሮም ጽሑፍህ ያምራል። ድምፅ አሰጣጡ ጋ ስትደርስ ግን በሬው እንደደነገጠበት ገበሬ ቀጥ ብለህ ቆምክ።

ስልክ አልፈልግም። በስልክ የተባለ ነገር ቃለ ጉባኤ የለውም። አንተም እኔም ይህን እናውቃለን።

ስለዚህ ጥያቄዬን እደግመዋለሁ። በጥር 2009ኙ ጉባኤ ለላይ ጥድ ጤና ኬላ የማዋለጃ ክፍል ተብሎ የተያዘው በጀት ወደ ወረዳው መሰብሰቢያ አዳራሽ ይዛወር ሲባል፣ የቀበሌው ተወካይ እኔ ነበርኩ። እጄን አውጥቼ ተቃወምኩ ወይስ አልተቃወምኩም? ከተቃወምኩ፣ ያቺ እጅ የት ገባች?

አቶ ካሳዬ የት እንዳለም ታውቅ ከሆነ ጻፍልኝ። አስተዳዳሪያችን የነበረ ሰው እንዲሁ በነነ።

ሰፊያ


ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰፊያ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ረመዳን ሊገባ ስለሆነ እንኳን አደረሰዎት።

ተቃውመዋል። እጅዎን አውጥተዋል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቆጥሬዋለሁም።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ የቆምኩበትን ምክንያት ልንገርዎት። በዚያ በኖርዝ ዮርኩ ስብሰባ የእኛ መብራት ካለፈ በኋላ የሌላ ሰፈር ጉዳይ መጣ፤ አንድ የቆየ ሕንፃ ይፍረስ አይፍረስ የሚል። አንዱ ተመራጭ «ድምፃችን በስም ይመዝገብ» አለ። ጸሐፊዋ መዘገበች። ሁሉም ደገፉ፤ እሱ ብቻውን ተቃወመ። ስሙ ከሌሎቹ ተለይቶ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ምንም አልሆነም። አጠገቡ ያለችው ተመራጭ ውሃ ቀዳችለት፤ የሚቀጥለው አጀንዳ ተጠራ። የእኔ ጆሮ ግን ጮኸ። አብራኝ የሄደችው ጎረቤታችን «አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

በእኛ ጉባኤ አርባ አንድ አባላት ተገኝተው ነበር። የሚደግፉ ሲባል ቆጠርኩ፤ አርባ። የሚቃወሙ ሲባል ከሦስተኛው ረድፍ ጫፍ የእርስዎ እጅ ብቻ ወጣ። ማስታወሻዬ ላይ «አርባ ለአንድ» ብዬ ጻፍኩ። ሰዎች ዞረው ሲያዩዎት እጅዎን ቶሎ አላወረዱትም።

በማግስቱ አቶ ካሳዬ ቢሮ አስጠሩኝ። «ዞኑ ተቃውሞ ካየ ጥያቄ ያበዛብናል» አሉኝ። «አንድ ሰው ማለት ምንም ማለት ነው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብለህ ጻፈው።» ጻፍኩት። ማስታወሻዬን ቀድጄ ጣልኩ። አባላቱ የመገኘታችሁን የፈረማችሁበት ወረቀት ከኋላው ተሰፋ። እርስዎ የፈረሙት ለመገኘትዎ ነበር፤ አብሮ ሲሰፋ ግን ውሳኔውን የፈረሙ መሰለ።

ታዝዤ ነው ብዬ ራሴን ላድን አልፈልግም። ግን ታዝዤ ነው።

አቶ ካሳዬ ከአገር ወጥተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ምን ባደርግ ይሻልዎታል? ያሉኝን አደርጋለሁ።

ጸጋአብ


ጥድ አፋፍ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጸጋአብ፣

ደብዳቤህን ኢስሀቅ ሲያነብልኝ እኔ ቀምቼው ራሴ አነበብኩት። «ተቃውመዋል» የምትለዋን ጣቴን አድርጌባት ቆየሁ። አላህ ይስጥህ ልል ነበር፤ ከአፌ አልወጣም።

ለምን አሁን ጠየቀችኝ ሳትል አትቀርም። ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ ስለጉዳዩ አልጠይቅህም።

ኩልሱምን ታውቃታለህ፤ ለጉባኤ ስመጣ በቅሎዋን የምታውሰኝ ጎረቤቴ። አብረን ነው ያደግነው፤ የተዳርነውም በአንድ ወር ነው። ያ ክፍል ቢሠራ ኖሮ ሐምሌ 2009 ላይ ያልቅ ነበር። ኅዳር 2010 የኩልሱምን ልጅ ሪምን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ወደ ወረዳ ሲወስዷት ወንዙ ዳር ላይ ወለደች። ልጅቷ ተረፈች። ሪም ደሟ አልቆም ብሎ እዚያው ቀረች።

ሐዘኑ ሲበርድ የቀበሌው ሽማግሌዎችና ኩልሱም፣ እኔም አብሬ፣ ወረዳ ሄድን። ክፍሉ ለምን ቀረ ብለን ለመጠየቅ። አንድ ሠራተኛ ያንን ቃለ ጉባኤ አወጣና ጮክ ብሎ አነበበልን። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። የላይ ጥድ ተወካይ ወይዘሮ ሰፊያም በቀበሌያቸው ሕዝብ ስም ድጋፋቸውን ገልጸዋል።» ኩልሱም ዞር ብላ አየችኝ። ውሸት ነው አልኩ። ሰውየው ፊርማዬን አሳያት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት በአንድ መንገድ እየሄድን፣ በአንድ ምንጭ እየቀዳን፣ ሰላምታ የለንም። ቀበሌው በሚቀጥለው ምርጫ አልመረጠኝም። እሱስ ይቅር።

አሁን ኩልሱም እጇ እያበጠ ነው፤ ጣቶቿ አይታጠፉም። አርጅተናል። እንዲህ እንዳለን ሞት እንዳይቀድመን ነው አሁን የጻፍኩልህ።

የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ለወረዳው ምክር ቤት የተጻፈ፣ ስምህ ያለበት፣ በእጅህ የተፈረመ። ፎቶ አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር። በሙሉ ድምፅ የሚለውን ካሳዬ አዘዘህ፤ ይሁን። «ድጋፋቸውን ገልጸዋል» የሚለውን ማን አዘዘህ? ረጅም ደብዳቤ ጽፈህ እሷን አልነካሃትም።

ጾም ላይ ነኝ። በጾም ክፉ ቃል አልናገርም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም።

ሰፊያ


ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰፊያ፣

ዒድዎ በሰላም እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ። የኩልሱምን ልጅ ነገር አላውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ዞን ተዛውሬ ነበር። አላውቅም ነበር ማለቴ ምን እንደሚረባ አላውቅም፤ ብቻ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሁለት ነገር ደብቄዎታለሁ።

አንደኛው፣ አቶ ካሳዬ ከአገር ወጥተዋል ሲባል ሰምቻለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። መስማት አይደለም፤ በየቅዳሜው አገኛቸዋለሁ። ከእኛ ቤት በሁለት ባስ፣ እዚያው ኖርዝ ዮርክ ይኖራሉ። የባለቤቴን ስም አለመጻፌን አንስተው ነበር። ስሟ ሐሴት ነው፤ ሐሴት ካሳዬ። ወደዚህ አገር ስፖንሰር አድርጋ ያመጣችኝ እሷ ናት። ከዚያ ጉባኤ በኋላ አባቷ ስለወደዱኝ ቤታቸው እገባ እወጣ ነበር፤ የተዋወቅነውም በዚያ ነው። ያ ቃለ ጉባኤ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ሐሴትን አላውቃትም ነበር። ይህን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ስቀመጥ የሰው ቤት ይመስለኛል።

ወረቀቱን ጻፍኩና ባለፈው ቅዳሜ ይዤላቸው ሄድኩ። ሳይሰሙ ስማቸውን መላክ ነውር መሰለኝ። ዓይናቸው ስለደከመ «አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«ስሜ አለበት?» አሉኝ።

«አለበት፤ እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

«ሴትየዋ በሕይወት አለች?»

«አሉ። የጎረቤታቸው ልጅ ናት የሞተችው።»

«በማዋለጃው ምክንያት?»

«በመንገድ ላይ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «በሙሉ ድምፅ በል ብያለሁ። አልክድም፤ ስሜ ይቀመጥ። ግን ጸጋአብ፣ እሷ ደገፈች የሚለውንም እኔ አዘዝኩ ልትል ነው?»

ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩ።

«እኔ አላልኩህም። ረቂቁን ስታመጣልኝ ነው ያየሁት። ጎበዝ ብዬህ ፈረምኩበት። የእኔ ጥፋት እሱ ነው፤ ቃሉ ግን ያንተ ነው።»

እውነታቸውን ነው እትዬ። ሁለተኛው የደበቅኩዎት ይህ ነው። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ስጽፍ ነገሩ ጎዶሎ መሰለኝ። ክፍሉን የሚያጣው ቀበሌ ራሱ እንዴት ደገፈ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ያንን ቀዳዳ የሚደፍን። ማንም አላዘዘኝም። ሥራዬ እንዲያምር፣ ጎበዝ እንድባል ፈልጌ ነው። ጎበዝም ተባልኩ።

ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። አሁን የሚለው እንዲህ ነው። «በጥር 2009 ዓ.ም. ጉባኤ ድምፁ አርባ ለአንድ ነበር። የተቃወሙት ወይዘሮ ሰፊያ ናቸው። ‹በሙሉ ድምፅ› የሚለውን በአስተዳዳሪው በአቶ ካሳዬ ትእዛዝ ጽፌያለሁ። ወይዘሮ ሰፊያ ድጋፋቸውን ገልጸዋል የሚለው ግን ማንም ያላዘዘኝ፣ በራሴ ፈቃድ የፈጠርኩት ሐሰት ነው።» ፈርሜ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ሐሴት ኩሽና ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ቤታችን ስንመለስ፣ «አትላከው አልልህም። ግን አባቴን እያየሁ ምን እንደማስብ ከእንግዲህ አላውቅም። አንተንም» አለችኝ።

ጸጋአብ


ጥድ አፋፍ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጸጋአብ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት አሳብ ላይ እንዳትሆን ብዬ ነው።

ምክር ቤቱ ሚያዝያ 22 ተሰበሰበ። የአሁኑ አፈ ጉባኤ አቶ መንግሥቱ ገና ልጅ ነው፤ ደንብ ያከብራል። ወረቀትህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቋሚ ኮሚቴውን አማከረ። አንዱ «ያለፈ ዘመን ምክር ቤት ያጸደቀውን እኛ መሰረዝ አንችልም» አለ። ሌላው «ዝም እንበል?» አለ። ብዙ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ አይሰረዝም፤ ግን ጉባኤ ላይ ይነበብ፣ ከዚያኛው ቃለ ጉባኤ ጋርም በአባሪነት ይያያዝ ተባለ። ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ሰው ተቃወመ። የሁለቱም ስም ተጻፈ፤ እኔ ነኝ ይጻፍ ያልኩት።

ተነበበ። እንግዳ መቀመጫ ላይ ሆኜ ሰማሁት። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያው በማዋለጃችን በጀት የተሠራው አዳራሽ ነው። ጥሩ አዳራሽ ነው፤ ጣራው አያፈስም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ላይ ጥድ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ኩልሱም በሬ ላይ ቆመች። ሰባት ዓመት ያልረገጠችው በር። «ሰፊያ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አለችኝ። አቅፋኝ አለቀሰች። ኢስሀቅም አለቀሰ።

እኔ አላለቀስኩም። አውፍ ብያለሁ ማለትም አቃተኝ። ጤፉ ፀሐይ ላይ ነው፣ ላነሳው ብዬ ወጣሁ።

የቀረውን በዚህ መንገድ አልጽፍልህም። ፖስታ ጠብቅ።

ሐሴትን ሰላም በልልኝ። እሷ ምንም አልበደለችኝም።

ሰፊያ


ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰፊያ፣

ደብዳቤዎን አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ልጆቹ ሊወጡ ሃያ ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር። ሁሉም ተቀምጠው ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ እንኳ ሞተሩን አላስነሳሁም። አንዷ ተማሪ «ሚስተር ጸጋ፣ ዊ አር ሌት»፣ አረፈድን ማለቷ ነው፣ ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ሰላምታዎን ለሐሴት አድርሻለሁ። አብረን ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ብቻዋን ነው አባቷ ጋ የምትሄደው። እሳቸውም እኔ ለምን እንደቀረሁ እንደማይጠይቁ ነግራኛለች። ባለፈው ሳምንት ስትመለስ፣ «ዛሬ ስለዚያች ሴት አወራኝ» አለችኝ። «ምን አሉሽ?» ስላት፣ «እጇን ሳታወርድ ቆየች አለኝ። እሱም አይቷት ነበር» አለችኝና ክፍሏ ገባች።

እትዬ፣ ጤፍ ላንሳ ብለው የወጡበትን ነገር ሳስበው እንቅልፍ ነሳኝ። እትዬ ኩልሱም ይቅርታ ሊጠይቁዎት መጥተው ዝም ማለትዎ እኔ የጻፍኩት ሳይበቃ ቀርቶ ነው? የጎደለ ካለ ይንገሩኝ፤ እጨምራለሁ። ሕዝብ ፊት ቀርበህ ተናገር ካሉኝም ገንዘብ አጠራቅሜ እመጣለሁ።

ልጠይቅዎት የማይገባኝን ደግሞ ልጠይቅዎት። ይቅር ብለውኛል?

ጸጋአብ


ጥድ አፋፍ
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጸጋአብ፣

ይህን ደብዳቤ ኢስሀቅ ፎቶ አላነሳውም። ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ ነው የምልከው። ምክንያቱን ስታነበው ታውቀዋለህ።

ያንተ ወረቀት ምንም አልጎደለውም። የጎደለው የእኔ ነው።

ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ጉባኤ መጀመሪያ ላይ ተነቦ እንደሚጸድቅ ለአንተ አልነግርህም። መጋቢት 2009 ተሰበሰብን። አንተ ቆመህ አነበብክ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። በሙሉ ድምፅ ስትል ሰማሁ። ቀጥለህ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። አፈ ጉባኤው «እርማት ያለው?» ብሎ ጠየቀ። ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ወይም ለእኔ ረዘመ።

ኢስሀቅ በዚያ ወር ለመምህርነት ተወዳድሮ ነበር። ዝርዝሩ የሚያልፈው በካሳዬ ቢሮ ነው። አንድ ጊዜ እጄን አውጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ካወጣሁ ልጄ ሥራ አያገኝም ብዬ አሰብኩ። ማንም አላስፈራራኝም፤ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ ተቀመጡ። «እርማት የለም» ተባለና ጸደቀ። ስታነብ ቀና ብለህ አላየኸኝም። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ኢስሀቅ ተቀጠረ። እስከ ዛሬ ያስተምራል። ስለዚህ ነው ፎቶ ያላነሳው።

እንግዲህ ኩልሱም በሬ ላይ ቆማ አውፍ በይኝ ስትለኝ ምን ልበላት? አንድ ወር ያህል እንዲሁ ሆንን። በየጠዋቱ ሰላም ትለኛለች፤ ወተት ትልክልኛለች። እኔ ወተቱን እየጠጣሁ አመመኝ።

ለዐረፋ በዓል ቤቷ ጠራችኝ። እንግዳው ሲሄድ፣ «ኩልሱም፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

ከዚያ፣ «ያን ቀን እርማት አለኝ ብትይ ኖሮ ክፍሉ ይሠራ ነበር?» አለችኝ።

«አይሠራም ነበር። ገንዘቡ ሄዷል።»

«ሪም ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔ ግን የማውቀው አለ» አለች። «ቂሙን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። በመጀመሪያው ዓመት ግን ሦስት ጊዜ ደጅሽ መጥቼ ነበር። ልጠይቅሽ። እውነት ነው ወይ ብዬ። አጥሩ ጋ ስታዪኝ ወደ ጓሮ ትዞሪያለሽ። ያፈርሽው በጻፉብሽ ነገር አልነበረም፤ አሁን በነገርሽኝ በዚህ ነበር። ልጄ ሞታ ሰባት ዓመት ብቻዬን ተውሽኝ፣ ሰፊያ። የበደልሽኝ በእሱ ነው።»

ጸጋአብ፣ በዚያ ጉባኤ ጉዳይ ምን ቢሉኝ የምመልሰው አዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ መምጣቷ እውነት ነው። አይቻታለሁ።

ልታስወጣኝ ነው ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ። የልጅ ልጇ ሐያት፣ ያቺ ወንዝ ዳር የተወለደችው፣ ከውጭ ስትሮጥ ገባች፤ ፀጉሯ ተበታትኗል። ኩልሱም ጣቶቿን አሳየችኝ፤ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። «በዓል ሆኖ እንኳ የሚሠራላት አጣሁ» አለች። «ወዴት ትሄጃለሽ? ቁጭ በይና ሥሪያት።»

ቁጭ ብዬ ሠራሁላት። የናቷን ፀጉር ልጅ ሳለች እኔ ነበርኩ የምሠራው፤ ተመሳሳይ ነው፣ ከማጅራት ላይ ይጠቀለላል። ልጅቷ አመመኝ እያለች ትጮኻለች፤ ኩልሱም «ዝም በይ፣ እጇ ቀላል ነው» ትላታለች። እንዲህ ሆነን አመሸን። ታረቅን ብዬ አልጽፍልህም፤ አላወቅሁም። በማግስቱ ወተት አልላከችም። በሦስተኛው ቀን ላከች።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። የእኔን ድርሻ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ካለሁበት ሆኜ ሌላ ልል አልችልም። የኩልሱምን ድርሻ እኔ አልሰጥህም። ጠይቂልኝ እንዳትለኝም።

ብቻ ያን ዕለት ፀጉሩን እየሠራሁ ስለ አንተ አንስታ ነበር።

«ያ ጸሐፊ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ።

«ልጅ ነበር» አልኳት። «ያኔ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው።»

ኩልሱም የሐያትን ጉንጉን በማይታጠፈው ጣቷ ዳሰሰችና፣ «የእኔዋም ሃያ አራቷ ነበር» አለች።

ሰፊያ